አያሰጋም ያለው ማን ነው

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ «ማንአለ» እየተባለች እንደምትጠራ ሴትየዋ ያወቀችው ከዘበኛው እስከ ሒሳብ ክፍሉ ሁሉም ካወቀ በኋላ ነው። ስሙን ያወጣላት የገዛ አፏ ነበር። አንዱ መጥቶ «ነገ መብራት ይጠፋል» ካላት፣ «ማን አለ? ከማን ሰማህ?» ትለዋለች። ሌላዋ «የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ልታገባ ነው» ስትላት፣ «ማን አለ? እሷ ናት ያለችው?» ትላታለች። ወሬ እሷ ጠረጴዛ ዘንድ ሲደርስ እግሩ ይሰበራል፤ ወሬኞቹም ይህን ስለሚያውቁ በሌላው በር ይዞሩ ነበር። አንድ ቀን ጥራዝ ክፍል ስትገባ ሁለት ሴቶች «ዝም በይ፣ ማንአለ መጣች» ሲባባሉ ሰማች። «ማንአለ ደግሞ ማን ናት?» አለች። ሴቶቹ በሳቅ ሲፈነዱ ነገሩ ገባት። «ከዚህ የባሰም ልታወጡልኝ ትችሉ ነበር» ብላ እሷም እየሳቀች ወጣች።

ሥራዋ እርማት ነው። ክፍሏን ከማሽን ክፍሉ የሚለያት አንዲት ስስ ግድግዳ ብቻ ስለሆነች፣ ማሽኑ ሲነሳ የሻይ ብርጭቆዋ ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ይንቀጫቀጫል። ቀይ እስክሪብቶ፣ ጠርዙ የተበላ የእንጨት ማስመሪያ፣ በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው መነጽር፤ ሀብቷ ይኸው ነው። ማንኛውንም ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ታነባለች። መጀመሪያ እንደ ሰው ከላይ ወደ ታች ታነበዋለች፤ ያን ጊዜ ነው ኅዳጉ ላይ በቀይ «ማን አለ?» እያለች የምትጽፈው። ሁለተኛው ንባብ ግን ወደ ኋላ ነው። ከመጨረሻዋ ቃል ትነሳና አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ መጀመሪያዋ ትመለሳለች። ሰው የሚያነበው ነገር ሲገባው የጎደለችውን ፊደል በልቡ ሞልቶ ያልፋል፤ ወደ ኋላ ሲነበብ ግን የሚገባ ነገር ስለሌለ ዓይን ፊደሏን ብቻ ያያል። ምስር እንደ መልቀም ነው። ልጇ ትንሽ ሳለች እናቷ ሥራ ወደ ቤት ስታመጣ አጠገቧ ተቀምጣ ወደ ኋላ ማንበብ ተምራ ነበር፤ የሁለቱ ጨዋታ እሱ ነበር።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤትም ስም አልቀረለትም፤ «ይባላል» ነው የሚሉት። መልካም ሰው ነው፤ የሠራተኛ ልጅ ታመመ ሲባል ቶሎ ኪሱን የሚዳብስ፣ ሰውን ከተቆጣ ቀኑን ሙሉ ራሱ ሲያፍር የሚውል። ግን «ይባላል» ሳይል ወሬ አይጀምርም። «ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ሲበላ ደም ያጠራል ይባላል» ይላል። «ማን አለ ጋሼ?» ትለዋለች ማንአለ። «ኧረ አንቺ ሴትዮ! ሰው ነዋ ያለው፣ ዛፍ አይናገር!» ይላታል። ማንአለና ይባላል አንድ ጣሪያ ሥር መዋላቸው የፈጣሪ ቀልድ ነው እያለ ሠራተኛው ይስቅ ነበር።

አንድ ጊዜ ይባላል የቅጠላ ቅጠል መድኃኒት መጽሐፍ ላዘጋጅ ብሎ ተነሳ። ከጋዜጣ ቆርጦ ያኖረውን፣ ከሬዲዮ የሰማውን፣ መድኃኒት ቤትና ገበያ ሄዶ የጠየቀውን ሁሉ ሰብስቦ አረንጓዴ ሽፋን ያላት፣ ኪስ የምትገባ መጽሐፍ አደረጋት። የትኛው ቅጠል ለየትኛው ሕመም እንደሚሆን፣ እንዴት እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማንን እንደሚያሰጋና ማንን እንደማያሰጋ ትናገራለች። ረቂቋ እርማት ጠረጴዛ ላይ የደረሰችው የማንአለ አንድያ ልጅ ልትዳር በተቃረበችበት ሰሞን ነው። ቤቷ እንግዳ በእንግዳ ሆኗል፣ ሐሳቧ አዳራሽና የልብስ ልክ ላይ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ ቶሎ በይ ይላታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ንባብ ዘለለችው። ወደ ኋላ ብቻ አነበበች። «አያሰጋም» የምትለዋ ቃል ፊደሏ ትክክል ነው፤ አለፈቻት። «ጡርም» ትክክል ነው፤ አለፈች። «ለነፍሰ» ትክክል ነው፤ አለፈች። መጽሐፏ ስትወጣ አንዲት ፊደል እንኳ አልተሳሳተባትም።

ይባላል ሊያስደስታት ብሎ፣ ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ «አራሚ» ከሚለው ቃል ሥር ሙሉ ስሟን አሳተመላት። ዕድሜዋን በሙሉ የሰውን ጽሑፍ ስታጸዳ ኖራ የራሷን ስም በኅትመት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። እንደ ልጅ ነው የፈነደቀችው። መጽሐፏን ለጎረቤት ሰጠች፣ ለዘመድ ሰጠች፣ ለልጇ አማት ደግሞ በሚያምር ወረቀት ጠቅልላ ይዛላት ሄደች። ወደ ኋላ ብቻ እንዳነበበቻት ግን ለማንም አልተናገረችም። ለነገሩ ማን ይጠይቃታል? በዚያ ቤት ጠያቂዋ ራሷ ነበረች።

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። ካገባች በኋላ የመጀመሪያው ፅንስ ሳይጠና ወርዶባት፣ ብዙ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ «እማዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» እያለች አልቅሳለች። ሁለተኛው ግን ጠንቶ፣ ሆዷ ከስፌት መኪናዋ ጋር መጋፋት ጀምሯል። እናትየዋ ከሥራ ስትወጣ በዚያ በኩል ሳታልፍ ቤቷ አትገባም፤ ብርቱካን ይዛ ትገባለች፣ የልጇን ፊት አይታ ትወጣለች። ያ ልጅ በሰላም እንዲወለድ ከመመኘት በቀር ለራሷ የምትመኘው ነገር አልነበራትም።

አንድ ቀን እንዲሁ ስትገባ ልጇ ያበጠ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። አማቷ ከወጥ ቤት ብርጭቆ ይዛ ወጣች። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ቡናማ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ማንአለ።

«የእብጠት ቅጠል ነዋ!» አለች አማትየዋ ፊቷ በርቶ። «እግሯ እንዲህ ተነፍቶ ሳይ ጊዜ የእርስዎን መጽሐፍ አወጣሁ። ይኸው ጠዋት ማታ እየጠጣች ነው፤ ጎደለላት።»

«እውነቴን ነው እማዬ፣ ቀሎኛል» አለች ልጅቷ።

ማንአለ ፈገግ ብላ ቅጠሉ የተገዛበትን እሽግ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ላዩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል። ከፍታ መዳፏ ላይ ትንሽ ነሰነሰችው። እንደ መጋዝ ብናኝ ሸካራና ቡናማ ነው። ቅጠል ሲደርቅ ይጠወልጋል፣ ይገረጣል እንጂ እንዲህ አይሆንም።

«ይሄ ቅጠል ነው?»

«ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«የተጻፈውንማ አየሁት። የምጠይቀው ውስጡን ነው።»

መጽሐፏን አምጡልኝ አለችና መነጽሯን አድርጋ፣ እንደቆመች፣ ከላይ ወደ ታች አነበበችው። «የእብጠት ቅጠል፦ የእግር እብጠትን ያጎድላል። ዱቄቱ በሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ለነፍሰ ጡርም አያሰጋም።» እንደ ሰው ስታነበው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ማን አለ? ኅዳጉ ባዶ ነው፤ ቀይ ቀለም የነካው ነገር የለም።

«እስኪ ለጊዜው ይቅርባት» አለች። «ጠይቄ ልምጣ።»

የአማትየዋ ፊት ተለዋወጠ። «ምነው? እኔ የልጅ ልጄን ልጎዳ ኖሯል?»

«እሱን ማን አለ?»

«ታዲያ ሄደው የሚጠይቁት ማንን ነው? አያሰጋም ያሉት እርስዎ! ስምዎ ይኸው፣ እዚህ ጋ አለ አይደል እንዴ?» ጣቷን ገጹ ላይ አሳረፈችው።

ልጅቷ ብርጭቆውን አልለቀቀችም። «እማዬ፣ በናትሽ አታስጨንቂኝ። የመጀመሪያውን ሳጣ እኮ ምንም አልጠጣሁም ነበር። ምንም! አሁን እንቅልፍ ወስዶኝ ያድራል፣ ጫማ ይገባልኛል። ይጎዳል ያለ ሰው ካለ አምጪልኝና አሁኑኑ እደፋዋለሁ። ማን አለ? አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

የዚያን ጊዜ መናገር ነበረባት። «ልጄ፣ መጽሐፏን ወደ ኋላ ብቻ ነው ያነበብኳት» ብትል ልጇ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ታውቃለች፤ ብርጭቆውንም ያኔውኑ ታስቀምጠው ነበር። ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አማትየዋ ቆማ እያየቻት፣ ያቺ የታተመች ስሟም ገጹ ላይ እያየቻት፣ አፏ አልታዘዝ አላት። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ልጇ ቡናማውን ነገር ጨልጣ ስትጠጣ ዓይኗ እያየ ወጣች።

በነጋታው ኮቷን ሳታወልቅ ባለቤቱ ክፍል ገባች።

«ጋሼ፣ የእብጠት ቅጠል ለነፍሰ ጡር አያሰጋም ያለው ማን ነው?»

«አያሰጋም ይባ...»

«ዛሬ ቀልድ የለም። ልጄ እየጠጣችው ነው።»

ይባላል እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። «እንዴ! ክፉ ነገር አለው እንዴ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ማን አለ?»

«መድኃኒት ቤቱ ነው፣ ጥግ ላይ ያለው። የተማረ ሰው ልጠይቅ ብዬ እኮ ነው እሱ ዘንድ የሄድኩት። ደግሞ ችግር ቢኖረው አንቺ ትይዢዋለሽ ብዬ። ያንቺ ዓይን ካለፈው...» አልጨረሰውም። እሷም አላስጨረሰችውም፤ ወጥታ ሄደች።

መድኃኒት ቤቱ ጠባብና ንጹሕ ነው። ባንኮኒው ኋላ ያለውን ወጣት ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ «ፋርማሲስት ነኝ እኮ» እያለ ያርማቸው ነበር፤ ኋላ ሰለቸውና ተወው።

«አዎ እናቴ፣ አያሰጋም» አላት ሳያመነታ።

«ማን አለ?»

መሳቢያውን ከፈተና ያቺን አረንጓዴ መጽሐፍ አወጣ። «ይኸው፣ መጽሐፍ ላይ ወጥቷል።»

ማንአለ ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ገልጣ ስሟን አሳየችው። «እኔ ነኝ ይህቺ። ያዘጋጀው ሰው ደግሞ ከአንተ ሰማሁ ነው የሚለኝ።»

ወጣቱ ጆሮው ቀላ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ማለት ይሄኔ ነው፤ ወሬው ከዚህ ባንኮኒ ወጥቶ፣ ማተሚያ ቤት ገብቶ፣ ሽፋን ለብሶ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ተመልሶ ተቀምጧል። «እውነት ነው፣ ጠይቀውኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ተሰልፎ ነበር። እሽጉ ላይ ለሁሉም ተስማሚ ነው ስለሚል... እሱን አይቼ ነው አያሰጋም ያልኳቸው።» ከዚያ ወፍራሙን የመድኃኒት መጽሐፉን አወረደ፣ ስልኩንም ከፈተ፤ ደጋግሞ ፈለገ። «የለም» አለ።

«የለም ማለት አይጎዳም ማለት ነው?»

«አይደለም እናቴ። ማንም አልመረመረውም ማለት ነው።»

«ታዲያ አያሰጋም የምንለው በምን አፋችን ነው?»

ወጣቱ ወፍራሙን መጽሐፍ ከደነ። «እንድታቆም ያድርጓት» አላት። «እግሯ ካበጠ ደግሞ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ይያት። ቅጠል የሚጠጣበት ነገር አይደለም።»

መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ለልጇ ደወለች። የስፌት መኪናው ድምፅ ከበስተኋላ ይሰማል።

«አልተመረመረም ነው የሚሉት» አለቻት። «ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።»

«አልተመረመረም ማለት ይጎዳል ማለት ነው እንዴ? ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው እማዬ፤ ያኔ እጠይቃለሁ። መጽሐፉስ? መጽሐፉን እኮ አንቺ ነሽ ያየሽው።»

«መጽሐፉማ...» አለች ማንአለ። አንድ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። «መጽሐፉን ተዪው። ይጎዳል ያለ ሰው አመጣልሻለሁ» አለችና ዘጋች። ሁለተኛ ጊዜ ዋጠችው። በራሷ ተናዳ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ ወደ ገበያው ወረደች። የቅጠል ሻጮቹ ረድፍ ከሸራ ሻጮቹ ቀጥሎ ነው። እሽጉን የሚያዘጋጁት ሰዎች የሚገዙት ከማን እንደሆነ ስትጠይቅ ሁሉም ወደ አንድ ሽማግሌ ጠቆሙ። ሽማግሌው ከተደረደሩ ጆንያዎች መሐል ቁጭ ብሏል፤ ካፖርቱ ላይ የሁሉም ቅጠል ብናኝ አለበት።

«የእብጠት ቅጠል አለዎት?»

ጆንያ ገለጠላት። ያው ቡናማ ዱቄት ነው፤ ዳር ዳሩን ያልተፈጨ እንጨት መሳይ ነገር አለው።

«ቅጠሉስ አባባ?»

«ቅጠሉማ ደርቆ ይበናል ልጄ፤ እሽግ አይሞላ፣ ሚዛን አይደፋ። አሻጊዎቹ ሥሩን ነው የሚሹት። ሥሩ ይከብዳል።»

«ለነፍሰ ጡርስ?»

«አያሰጋም።»

«ማን አለ?»

ሽማግሌው ባለማወቋ ተገርሞ ሳቀ። «መጽሐፍ ላይ ወጥቷል እኮ! አልሰማሽም?»

ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ከዚህ በታች የሚኬድበት የለም። ሁሉም የተማመነው በታችኛው ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ የተማመነው በእሷ ነው።

«አባባ» አለች ትንሽ ቆይታ። «መጽሐፉ ሳይወጣ በፊት ምን ነበር የሚሉት?»

ሽማግሌው መዳፉን አሻሸ። «በፊትማ... እናቴ ቅጠሉን ቀቅላ የእርጉዝ እግር ታጥብበት ነበር። ከውጭ ነው፣ መጠጣት የለም። ሥሩን ግን እርጉዝ ያለችበት ቤት አታስገባም።»

«ለምን?»

«እንጃ። አልጠየቅኋትም። ላም በልታው ጥጃዋን ጣለች ይባላል። እኔ አላየሁም።»

«እና ይህን እየሰሙ አድገው እንዴት ይሸጡታል?»

«እኔ ምኑን አውቄ?» አለ ሽማግሌው፤ ድምፁ ውስጥ ቅያሜ ነበረበት። «እናቴ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። መጽሐፍ አያሰጋም ካለ፣ የተማረ ሰው አይቶት ነው ብዬ የሷን ተውኩት። ዝም ብሎ ይታተማል እንዴ? የሚያየው ሰው የለም?»

ማንአለ ያልተፈጨ ሥር ለምና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ያገኘችውን መልስ በልቧ ስታገላብጠው ከንቱ ሆነባት። አንዲት ላም፣ ያውም ያላያት፣ ያውም «ይባላል»። ረቂቅ ላይ ብታገኘው እሷው ራሷ ኅዳጉ ላይ በቀይ «ማን አለ?» ብላ የምትጽፍበት ነገር ነው። ግን ለመተውና ለመጠጣት የሚበቃው ማስረጃ አንድ አይደለም። ለመተው አንዲት ላም ትበቃለች፤ ብትተወው የሚቀርባት ነገር የለም። ጠጪ ለማለት ግን መንደር ሙሉ ጤነኛ ሴት ቢቆጠርም አይበቃም። ይህን እንዴት አድርጋ እንደምትነግራት ስታስብ፣ ሌላም ነገር ወሰነች፤ ዛሬ ወደ ኋላ ማንበቧን ትናገራለች። አማትየዋ ትስማ፣ ጎረቤት ይስማ፣ እንደፈለገ ይሁን።

የፈሩት ይደርሳል። የልጇ በር ተቆልፏል። አንዲት ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ሆስፒታል ወሰዷት እኮ፤ ደም አየች» አለቻት።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ረጅምና ዝቅ ያለ ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። አማትየዋ አግዳሚ ወንበር ላይ እሽጉን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሷ እንባ አንድ መሀረብ አልበቃውም ነበር። ማንአለ አጠገቧ ተቀመጠች።

ሐኪሟ በሩን ገፍታ ወጣች። ወጣት ናት፣ ዓይኗ ደክሟል።

«የፅንሱ ልብ ይመታል» አለች መጀመሪያ። «ደሙ ግን ገና አልቆመም፣ ግፊቷም ከፍ ብሏል። እዚሁ ትተኛለች። የምትወስደው ነገር ነበር?»

አማትየዋ እሽጉን ዘረጋችላት። ሐኪሟ አገላብጣ አየችው።

«ይሄን ለነፍሰ ጡር ማን ነው ስጡ ያላችሁ?»

ማንአለ የአማትየዋ ጣት ወደ እሷ እስኪጠቁም ጠበቀች። ጣቱ ግን አልተነሳም። አማትየዋ ወለሉን ነው የምታየው፤ የልጅቷን እናት በሐኪም ፊት ላለማዋረድ አፏን ዘግታ ጥፋቱን ልትሸከምላት ነው። የአብዬን ወደ እምዬ ማለትም ቀላል ነበር፤ ይባላል አለ፣ ፋርማሲስቱ አለ፣ ሽማግሌው አለ፣ የሚላከክበት ሞልቷል።

«እኔ ነኝ» አለች ማንአለ። «አያሰጋም ተብሎ ሲታተም ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ሳላነበው።»

«ሳያነቡት?» አለች አማትየዋ ቀና ብላ። ማንአለ ስድብ ብትሰማ ይሻላት ነበር።

ከቦርሳዋ ሥሩን አውጥታ ለሐኪሟ ሰጠቻት። «እሽጉ ቅጠል ይላል እንጂ ቅጠል አይደለም፣ ይሄ ሥር ነው። የመረመረው ሰው የለም። የሚሸጠው ሽማግሌ፣ እናቴ ለእርጉዝ አታስጠጋውም ነበር ብሎኛል፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም። ደሙን ያመጣው ይሄ ይሆን?»

«አላውቅም» አለች ሐኪሟ። «ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። የሚያውቅ ሰውም ያለ አይመስለኝም።» ሥሩን በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና፣ አንድ በአንድ ግቡ ብላቸው ሄደች።

አማትየዋ ቅድሚያውን ለማንአለ ተወችላት።

ልጅቷ በጎኗ ተኝታለች፤ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቷል። ማንአለ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጇን ያዘችው። ያቺን ነገር ሦስተኛ ጊዜ ልትውጣት አልፈለገችም።

«ልጄ፣ መጽሐፏን ወደ ኋላ ብቻ ነው ያነበብኳት። ያንቺ ሠርግ ሰሞን ነበር። ትናንት ልነግርሽ ፈልጌ አፈርኩ።»

ልጅቷ ለጥቂት ጊዜ አየቻት። ከዚያ እጇን ቀስ አድርጋ አወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልክ እንደ መጀመሪያው ጊዜ። ማንአለ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከአልጋው በላይ የተሰቀለው ከረጢት እየተንጠባጠበ ነው። ከጎን ክፍል አንድ ሰው ያስላል።

«ይተርፋል?» አለች ልጅቷ ወደ ግድግዳው።

እናት ሁሉ የታመመ ልጇ አልጋ ዘንድ የምትላት ቃል አለች፤ ምንም አይሆንም። ማንአለ ያቺን ቃል ለማለት ዕድሜዋን ብትሰጥ አትቆጭም ነበር።

«ልቡ ይመታል» አለች። «ከዚያ በላይ ያለውን እስካሁን የሚያውቅ የለም።»

«ማን አለ?» ድምፁ ውስጥ ጨዋታ አልነበረም። ልጅቷ የእናቷን ቃል እንዲሁ መቀበል ትታ፣ የምሯን ነው የጠየቀቻት።

«ሐኪሟ ናት ያለችው። አሁን፣ በሩ ላይ፣ በጆሮዬ ሰምቼ ነው። እኔ አይደለሁም።»

ልጅቷ ብዙ ቆይታ፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ፣ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችላት።